ያልቀለጠው ብየዳ

ልብስ ሰፊዋን የገደላት እሳቱ ሳይሆን ጭሱ ነበር። ሆስፒታል ተረኛ ሆና ያደረችው ልጇ ጠዋት በሩን ስትከፍት፣ እናቷን ከስፌት መኪናው ሥር ተደፍታ አገኘቻት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ከጎኗ ከስሏል፤ እንዲደርቅ ላዩ ላይ የተጣለው እርጥብ ጨርቅም አመድ ሆኗል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰውት ነበር። የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ጠጋኝ በካቴና ታስሮ በር ላይ ቆሟል። በማሞቂያው ሆድ ውስጥ፣ የሙቀት ፊውዝ መኖር በነበረበት ቦታ፣ አጭር የመዳብ ሽቦ ተበይዷል። ያቺ ትንሽ ፊውዝ ማሞቂያው ከልክ በላይ ሲግል ራሷ ተቃጥላ ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች፤ አንዴ ከሞተችም አትነሳም። ሽቦ ግን ለማንም አይሞትም።

«ከወር በፊት ፊውዝ የቀየርኩት እኔ ነኝ» አለ ጠጋኙ። «ሽቦውን ግን አላውቀውም። ልጆቼን ይንሳኝ!»

«ፊውዟን በምን በየድካት?» አለች መርማሪዋ።

«ፊውዝ ደግሞ ይበየዳል እንዴ? የብየዳው ሙቀት ራሱ ይገድላታል። በጉጠት ጨምቄ ነው የማስራት።»

መርማሪዋ ልጅቷን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«ማሞቂያው ሰሞኑን ተበላሽቶ ነበር?»

«ሐሙስ ቀጥ አለ። እማዬ ‹ብርድ ጨረሰኝ› ስትል ሰነበተች። እሁድ ከሥራ ስመለስ ግን ይሠራል። ማን ሠራልሽ ስላት ‹ዘመድ ያለው አይበርደውም› ብላ ሳቀች።» ልጅቷ የብር አምባሯን በጣቷ አሽከረከረችው።

«አምባርሽ ያምራል።»

«አጎቴ ነው የሠራልኝ።»

«እስኪ ለትንሽ ጊዜ አውሺኝ።»

አጎትየው፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ወርቅ ሠሪ ነው። ዓይኑ በለቅሶ ደም መስሏል።

«ማሞቂያውን ማን እንደነካው ያውቃሉ?»

«ጠጋኙ ነዋ! እኔ ስለ ኤሌክትሪክ ምን አውቄ፣ እቴ? የማውቀው ብር ነው።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም በስፌት ክፍሉ ሰበሰበችና ማሞቂያውን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ይህ ሽቦ ከወር በፊት ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ማሞቂያው ሐሙስ ቀጥ አይልም ነበር። ቀጥ ያለው ፊውዝ ስለነበረው ነው። እንግዲህ ጠጋኙ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ሽቦው የገባው ከሐሙስ እስከ እሁድ ነው።» ሽቦውን በጉጠት ይዛ ጎተተችው፤ አልለቀቀም። «ጠጋኝ የሚበይደው በእርሳስ ነው። እርሳስ በዚህ እሳት ቀልጦ ይፈስ ነበር። ይህ ግን በብር የተበየደ ነው።» አምባሩን ከሽቦው አጠገብ አስቀመጠች። «መጋጠሚያቸውን እዩት። የአንድ ሰው እጅ ነው። ‹ዘመድ ያለው› ያለችውም እሱን ነው።»

ሁሉም ወደ አጎትየው ዞሩ።

«በረደኝ አለችኝ» አለ። «እህቴ ናት! አዲስ ፊውዝ እስኪገዛ ብዬ እንጂ… ይገድላታል ብዬ መች አሰብኩ?»

«አዝነውላት እንደሠሩት አልጠራጠርም» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ዛሬ ጠዋት ግን ይህ ሰው በካቴና ሲታሰር፣ ሽቦው የማን እንደሆነ እያወቁ ዝም አሉ።»

አጎትየው አቀረቀረ።

ካቴናው ሲፈታለት ጠጋኙ የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ ማሞቂያው ጎንበስ አለ። ሽቦውን ትክ ብሎ አየው።

«ብየዳውስ ጥሩ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

መርማሪዋ አምባሩን ለልጅቷ አቀበለቻት። ልጅቷ ግን እጇን አልዘረጋችም።