ኮሌታውና ወገቡ

ልብስ ሰፊው የሞተው የስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ነው። መብራቱ እንኳን አልጠፋም፣ ግማሽ እጅጌ መርፌው ስር ቀርቷል። ሴት ልጁ አላለቀሰችም። ፖሊስ ጠራችና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ «እንጀራ እናቴ ናት የመረዘችው» አለች፣ በቃ።

ጭልፊት የሚሏት መርማሪ መጣች። ሱቁን ዞረች፣ የሟቹን ልብስ አንድ በአንድ ገለባበጠች፣ ከዛ ሚስትየዋን መጠየቅ ጀመረች።

«እትዬ፣ ምን ያበሉት ነበር?»

«እኔ የምበላውን። እሱ ግን ምግብ ዘጋው፣ ከሳ። ሱሪዎቹን ሁሉ ያጠበብኩለት እኔ ነኝ።»

«በያት» አለች ልጅቷ ወደ ጭልፊት ዞራ፣ «መርዝ እኮ ነው የሚያከሳው በያት።»

«ካለች እሺ» አለች ሚስትየዋ፣ እሷም ለጭልፊት። ከሠርጉ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ሁለቱ የሚነጋገሩት በሰው በኩል ነው።

የአስከሬን ምርመራው አልቆ ሐኪሙ ሲደውል ጭልፊት ሁለቱንም ሴቶችና የሟቹን ወንድም መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። በር ላይ የፖሊስ መኪና ሚስትየዋን ይጠብቃል።

ጭልፊት ሱሪና ሸሚዝ ዘረጋች። «ወገቡ ጠቧል። ሰው ሲከሳ አንገቱም ይከሳል፣ አይደል? ኮሌታው ግን ተተርትሮ ሰፍቷል፣ የሁሉም ሸሚዝ። ወገቡ የእትዬ ስፌት ነው፣ ረጃጅም። ይሄ የኮሌታው ግን ደቃቅ ነው። የማነው?»

«የኔ ስፌት ቢሆን እስካሁን ተፈትቶ ነበር» አለ ወንድምየው።

«የኔ ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ሲታጠብ ጠበበኝ አለኝ።»

«አንገቱ አብጦ ነው» አለች ጭልፊት። «የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እየጣለ እብጠቱን ከናንተ ደበቀው። መርዝ የለም። ካንሰር ነው፣ እብጠቱ ጉሮሮውን ዘጋው።»

«ታዲያ ማነው ገዳዩ?» አለ ወንድምየው።

«የገዛ ዘበኛው» አለች ጭልፊት። «ሐኪሙ እንዳለኝ፣ ደማችን ውስጥ በሽታ የሚጠብቁ ሴሎች አሉ። ለየጠላቱ የሚሆን መሣሪያ ለመሥራት የራሳቸውን ጂን ይቆርጡና መልሰው ይገጥማሉ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንደምታደርጉት። አንዳንዴ የተቆረጠው ጫፍ ከማይሆን ቦታ ጋር ይሰፋል፣ ሴሉን ተባዛ ከሚለው ጂን አጠገብ። ከዛ በኋላ መባዛቱን አያቆምም። አንድ የተሳሳተ ስፌት ነው። ማንም አልገደለውም።»

«ቀድሞ ቢታወቅስ?» አለች ልጅቷ።

«ይታከም ነበር። እሳቸው ክሳቱን ያውቃሉ፣ አንቺ አንገቱን።»

የፖሊሱ መኪና ባዶውን ሄደ። ልጅቷ ሸሚዞቹን አጣጠፈች፣ መልሳ ዘረጋቻቸው። ከዛ በማንም በኩል ሳይሆን በቀጥታ ወደ እንጀራ እናቷ ዞረች።

«ለቀብሩ የትኛውን እናልብሰው?»

ሚስትየዋ ኮሌታዎቹን በጣቷ ለካች።

«የማያንቀውን።»