ፍሬን የረገጠው እግር

መርማሪዋ ጋራዡ ስትደርስ ዋናው መካኒክ የቀኝ የፊት ጎማዋ በተፈታ ትንሽ መኪና አጠገብ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ረፋዱ ላይ ነው። መንጋጋው ከሥር ተሰብሯል። ከጎኑ ክንድ የሚያህል መፍቻ፣ ጫፉ ላይ ረጅም የብረት ቱቦ እንደተሰካበት መሬት ላይ ተቀምጧል።

«አደጋ ነው» አለ ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «የፑሌጃው ቡሎን አልፈታ ብሎት ሲታገል መፍቻው አምልጦ መታው። ብቻውን ነበር። የመኪናዋም ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው።»

መርማሪዋ ተንበርክካ ጎማው በተነሳበት ክፍተት አጮለቀች። ፑሌጃው ቺንጋ የሚባለውን የሞተሩን ቀበቶ የሚያሽከረክር ክብ ብረት ነው፤ መሐሉ ላይ ያለውን ወፍራም ቡሎን በሁለት ጣቷ ያዘችው። ዞረ። ጣቷን ጠረገችና ቀና አለች። ከክፍተቱ በላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ አዲስ ስርጉድ አለ፤ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል። ቀጥላ የሾፌሩን በር ከፈተች። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ማርሹ አምስተኛ ላይ ነው።

«መኪናዋ የማን ናት?»

«የአንዲት አዋላጅ። ጠዋት ራሷ ነድታ አስረክባ ወደ ሥራ ሄደች። አስጠርቻታለሁ።»

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የመለዋወጫውን ክፍል የምትይዘው የሟች ሚስት፣ ሃያ ዓመት አብሮት የሠራው ኤሌክትሪሺያን፣ ቁመቱን አይተው «ሎጋው» የሚሉት ቀለም ቀቢው የሟች ታናሽ ወንድም።

ሚስትየዋ ከመደርደሪያዎቹ መሐል ደርቃ ቆማለች።

«ባለቤትዎ ከሰው ተጣልቶ ያውቃል?»

«ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ትናንት ሲጯጯሁ ሰማሁ። በሃያ ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው የድሮ ነገር ነው አለኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ እያለ ነው አፌን የሚያዘጋኝ።»

«የድሮው ነገር ምንድን ነው?»

ሴትየዋ መሬት መሬት አየች። «ከአሥር ዓመት በፊት የደንበኛ መኪና ሲሞክር አንድ ሽማግሌ ገጭቶ ገደለ። ሁለት ዓመት ታሰረ። ባለፈው ወር የልጃችን እጮኛ ቤተሰቦች ይህንኑ ሰምተው፣ ከነፍሰ ገዳይ ቤት ልጅ አንወስድም ብለው ላኩብን። ከዚያ ወዲህ እኔም ፊት ነሳሁት። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ከክፉ ቃል በቀር አላናግረውም ነበር።»

«ቁልፍ ኪሱ የመክተት ልማድ ነበረው?»

«እጁን ሞተር ውስጥ ሲያስገባ ሁልጊዜ። ጥንቁቅ ሰው ነበር።»

ኤሌክትሪሺያኑ አጭር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው።

«ጀርባ ክፍል ባትሪ እየሞላሁ ነበር። ሞተር ሊነሳ ሲል ሰማሁ፤ አንዴ ጥርርር ብሎ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ የሚስቱ ጩኸት ነው የመጣው።»

«የየትኛው መኪና ሞተር?»

«ጋራዥ አይደለም እንዴ! ማን ልብ ይላል?»

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

«አልናገርም ብዬ ምዬለታለሁ» አለና መነጽሩን አወረደ።

ሎጋው ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ደረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሼ ነው ያሳደገኝ። አባቴም እናቴም እሱ ነው።»

«የት ነበርክ?»

«ቀለም ክፍል። እትዬ ስትጮህ ወጣሁ። አልቀረብኩም፤ ደም ማየት አልችልም።»

«ምን የሆነ ይመስልሃል?»

«ቡሎኑ ድንገት ሲላቀቅለት ሚዛኑን ስቶ ይሆናል። ግትር ነበር ጋሼ፤ እንቢ ያለውን ነገር ሳይፈታ አይለቅም።»

መርማሪዋ ከሁሉም ቃል ይህችን ብቻ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

አዋላጇ እያለከለከች ደረሰች። መርማሪዋ ገና ከበር ስታያት ከቁመቷ የምትፈልገውን አገኘች።

«ስትነጂ ወንበሩን ወዴት ነው የምታደርጊው?»

«እስከ መሪው ነዋ! አለዚያ እግሬ የት ይደርስና?»

«ቁልፉስ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱን ዛሬ ለመካኒኩ ሰጠሁት። ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት በሩን ሲቀባልኝ እዚያው ቀለም ቀቢው ጋ ቀረ።»

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ መርማሪዋ አራቱንም መኪናዋ ፊት ሰበሰበቻቸው። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ኤሌክትሪሺያኑን ጠየቀችው።

«ይህን ቡሎን ሲገፉት ፑሌጃውም አብሮ ይዞራል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«ሞተሩ እንዳይዞር ማርሽ ይገባና አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይይዛል» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

«ማርሹ አምስተኛ ላይ ነው። ስለዚህ ሟች ብቻውን አልነበረም፤ የሚያምነው ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሟች መፍቻውን ወደ ታች እየተጫነ ነው። ቢያመልጠው ኖሮ መፍቻው ወደ መሬት ይሄዳል፣ እሱም በደረቱ ይደፋል። የተመታው ግን ከታች ወደ ላይ ነው። ይኸውላችሁ፣ ቆርቆሮውም ከታች ወደ ላይ ሰርጉዷል። እንዲህ ሊያስፈነጥረው የሚችለው የሞተሩ ጉልበት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ፑሌጃው እሱ ከሚገፋበት በተቃራኒ ይዞራላ። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ሞተሩን ከማርሹ የሚለየውን ፍሪሲዮን ረግጦ ቁልፍ አዞረ። መፍቻው መንጋጋውን መትቶ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ፣ ቡሎኑ በዚያው ተላቀቀ።»

«ያ ጥርርር ያለው...» ኤሌክትሪሺያኑ አልጨረሰውም።

«ቁልፉ እኮ ኪሱ ነበር!» አለች ሚስትየዋ።

«አንደኛው። ሁለተኛው ያለው ሎጋው ጋ ነው። ወንበሩንም አዋላጇ እስከ መሪው አስጠግታ ነው የተወችው፤ ወደ ኋላ የገፋው እግሩ ረጅም የሆነ ሰው ነው። ሟችም ኤሌክትሪሺያኑም አጭር ናቸው።»

«እኔ አልቀረብኩም አልኩ እኮ!» አለ ሎጋው።

«አዎ ብለሃል። ቡሎኑ መላቀቁን እኔ በጣቴ ነክቼ ነው ያወቅኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ፖሊሱ እንኳ አልፈታ ብሎት ነው የሚለው። አንተ ግን ‹ሲላቀቅለት› አልከኝ። መፍቻውን ከቡሎኑ ላይ አውጥተህ መሬት ስታስቀምጥ እጅህ ነግሮሃል።»

«ለምንድን ነው ጋሼን የምገድለው? ለምን?»

ኤሌክትሪሺያኑ ወደ እሱ ዞረ። «የማልኩለት ሰው ሞቷል፤ እንግዲህ እናገራለሁ። ያን ሽማግሌ የገጨኸው አንተ ነህ። ወንድምህ ‹ልጅ ነው፣ ሕይወቱ ይበላሻል› ብሎ ‹እኔ ነኝ የነዳሁት› አለ። ታሰረልህ። ትናንት ‹የልጅህ ትዳር እየፈረሰ እስከ መቼ ዝም ትላለህ› ብዬ ጮህኩበት። ‹እስከ እሑድ ቀን ሰጥቼዋለሁ፣ ራሱ ይናገር› አለኝ።»

ሎጋው እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፉን አውጥቶ የመኪናዋ ኮፈን ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ... እስር ቤት ፈርቼ ነው። ና ፍሬን ያዝልኝ ሲለኝ እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።»

«መጨረሻ ላይ ምን አለህ?» አለች ሚስትየዋ።

«እትዬ ተይኝ...»

«ምን አለህ?»

«ጎሽ፣ እንደሱ ያዝልኝ አለኝ።»

ሴትየዋ አንድ እርምጃ ቀረበችው። «ይህን ወር ሙሉ ነፍሰ ገዳይ እያልኩ ስሰድበው እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጠህ ትሰማ ነበር። እኔ ነኝ የምቆርስልህ። እሱም ዋሸኝ፣ እሱስ ለአንተ ብሎ ነው። አንተ ለማን ብለህ ነው?»

ሎጋው ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲወስደው በሩ ዝቅ ያለ ነውና ጎንበስ ብሎ ወጣ።

መርማሪዋ ሚስትየዋን ቤት ላድርስዎት አለቻት። ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካከለች።

«መጀመሪያ ልጄ ጋ አድርሺኝ» አለች። «ሰው እንዳይቀድመኝ። መሞቱንም እነግራታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አባትሽ ማንንም አልገደለም ልበላት።»