ጃንጥላው ላይ ያለችው ሴት

«ጃንጥላውን ወደ መንገዱ አዙሪው ሹሹ» አሉ ሴት አያቷ። «አላፊ አግዳሚው ካላነበበው ምን ዋጋ አለው?»

ጂንሹ፣ ቤተሰቦቿ ሹሹ የሚሏት፣ የተዘረጋውን ሰማያዊ ጃንጥላ መሬት ላይ እንደተጋደመ አዞረችው። በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ጃንጥላው ላይ ተለጥፏል። በመናፈሻው የእግር መንገድ ግራና ቀኝ እንዲህ ያሉ ጃንጥላዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ አንድ እናት ወይም አንድ አባት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሱፍ ይፈለፍላል። ያላገባ ልጅ ያሳሰበው የቼንግዱ ወላጅ ቅዳሜ ጠዋት የሚውለው እዚህ ነው። ልጆቹ ግን አይመጡም። አብዛኞቹ ስማቸው እዚህ መዋሉን እንኳ አያውቁም።

አያቷ ከኩሬው ማዶ ካሉት የወንዶች እናቶች ጋር ሊነጋገሩ ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት የሦስት ቅዳሜ ማሳሰቢያቸውን ደገሙት፤ ለዌንቺ አንድ ቃል መተንፈስ የለም። ዌንቺ የምታውቀው እሳቸው ለጭፈራ፣ ጂንሹ ደግሞ ከቱሪስቶች ጋር እንግሊዝኛ ለመለማመድ እንደሚመጡ ነው።

ዌንቺ የጂንሹ አክስት፣ የእናቷ ታናሽ እህት ናት። የጂንሹ ወላጆች ሥራቸው ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ስለሆነ፣ ልጅቷ የምታድገው ከአያቷ ጋር ነው፤ መኝታ ክፍሏን የምትጋራው ደግሞ ከዌንቺ ጋር። አክስቷ ዘጠኝ ዓመት ጀርመን አገር የድልድይ ሥራ ተምራ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆናት። ግን ሰው ቤት ገብቶ ካፖርቱን ያላወለቀ እንግዳ ትመስላለች። ጎረቤት የማይጠይቀውን ትጠይቃለች፦ የድሮው ገበያ ለምን ፈረሰ፣ የሩዝ ኬክ ይሸጡ የነበሩት ሽማግሌ የት ገቡ፣ እኔስ እዚህ ምን እየሠራሁ ነው። እሁድ እሁድ ከፊቷ የቆመው አውቶቡስ ላይ ትወጣና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ትሄዳለች። ብዙ ጊዜ ጂንሹን ይዛ ነው። የት ነበራችሁ ሲባሉ «አገሬን እየጎበኘሁ» ትላለች። የጂንሹ አያት ይህን ሲሰሙ ሳህኑን ከሚገባው በላይ እየፈተጉ ያጥባሉ።

ጂንሹ ወረቀቱን በቃሏ ይዛዋለች። «ሴት። በጦጣ ዓመት፣ በ1992 የተወለደች። ቁመት አንድ ሜትር ከስድሳ ሁለት። ውጭ አገር የተማረች፣ ቋሚ ሥራ ያላት። ጭምት፣ ቤት መዋል የምትወድ፣ ጥሩ ምግብ የምትሠራ።» ዌንቺ የተወለደችው በ1990 ነው፤ በቻይና አቆጣጠር እያንዳንዱ ዓመት በእንስሳ ስም ስለሚጠራ፣ በፈረስ ዓመት። አያቷ አንድ ዓመት ብቻ ሊቀንሱ ነበር፤ እንደዚያ ቢያደርጉ ግን ልጃቸው የበግ ዓመት ላይ ትወድቅባቸዋለች፤ የበግ ዓመት ምራት ደግሞ ዕድሏ ቀና አይደለም ስለሚባል ማንም አይፈልግም። ስለዚህ ሁለት ቀነሱ።

አንዲት ፀጉሯ የሸበተ የውጭ አገር ሴት ከጃንጥላ ጃንጥላ እያለች ቀስ ብላ መጣች። ጂንሹ ቅድም መናፈሻው ውስጥ ባለው ሻይ ቤት አጠገብ አይታታለች፤ የደንበኞችን ጆሮ በክፍያ ለሚጠርገው ሰው ጆሮዋን ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የወንበሩን እጀታ ጨብጣ ነበር። አሁን ትልቅ ደብተር ይዛለች። እንግሊዝኛ ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት። ጂንሹ «ትንሽ» አለች። ሴትየዋ እንግሊዝኛው ለእሷም የሰው ቋንቋ መሆኑን ነገረቻትና በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ስሟ ኢልዳ ነው፤ ከፖርቱጋል የመጣች ጡረተኛ ናት። በአንዲት ትንሽ ከተማ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች።

ደብተሩ በሥዕል ተሞልቷል። ወፍ ያለበትን የሽቦ ቤት ዛፍ ላይ ሰቅሎ ያንቀላፋ ሰውዬ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ስፖርት የሚሠሩ ሴት። አንዱ ገጽ ላይ ማንም ያልተቀመጠበት የቀርከሃ ወንበር አለ፤ መቀመጫው ላይ የሻይ ሲኒ ክዳን ተቀምጧል፤ ከሥሩ ትልቅ የጥያቄ ምልክት።

«ተመልሼ እመጣለሁ ማለት ነው» አለች ጂንሹ። «ክዳኑ ካለ ማንም አይቀመጥበትም።»

ኢልዳ የጥያቄ ምልክቱን ሰርዛ ይህንኑ ጻፈች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በእርሳሷ ወደ ጃንጥላው አመለከተች።

«ይቺኛዋስ? ከጠፋች ስንት ጊዜ ሆናት?»

ጂንሹ አልገባትም። ሴትየዋ መንገዱን በሙሉ አንገቷን ደፍታ ነበር የመጣችው፤ ይህ ሁሉ ወላጅ የጠፋ ልጁን እየፈለገ መስሏት። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በፖስታ ቤቷ በር ላይ በገዛ እጇ ትለጥፍ ነበር፤ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የት እንደታየ። ጂንሹ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፍራ አስረዳቻት። ኢልዳም አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች፤ ደብተሯ ላይ የጻፈችውንም ረጅም መስመር ሰረዘች።

«እና ምን ዓይነት ሰው ናት?»

ጂንሹ ወረቀቱን እያየች መተርጎም ጀመረች። ጭምት ናት። ቤት መዋል ትወዳለች። እዚህ ላይ መተርጎሙን አቆመች። አንድ ሰው ይህን ወረቀት ይዞ ዌንቺን ፍለጋ ቢወጣ፣ አጠገቧ ደርሶ አልፏት ይሄዳል።

«አይደለም» አለች። «ልክ አይደለም።» ያላትን እንግሊዝኛ አንድ በአንድ እየለቀመች ሌላውን ነገረቻት። «በበርበሬ የተቀቀለ የጥንቸል ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ ትግጣለች፤ በርበሬው ከንፈሯን ሲያደነዝዘው ትስቃለች። ድልድይ ስትሻገር ሁልጊዜ ቆም ብላ ብረቱን በጣቷ አንኳኩታ ታዳምጣለች። እኔ በሒሳብ የወደቅሁ ጊዜ ምንም አልተናገረችም፤ አውቶቡስ አሳፍራ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ወሰደችኝ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች ገዛችልኝ፣ እዚያው ተቀምጠን በላን፣ ተመለስን። ምግብ መሥራት አትችልም። ሩዝ እንኳ ታሳርራለች።»

ኢልዳ እርሳሷን አስቀምጣ ሰማቻት። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «እዚህ መሆኗን ታውቃለች?»

ጂንሹ የልብስ መቆንጠጫውን ፈትታ እንደገና ሰካችው። ኢልዳም ጥያቄዋን አልደገመችም። ጃንጥላውን በጥቂት መስመር ሣለችው፤ ወረቀቱን ባዶ ተወችው። አመስግና ስትሄድ ከሩቅ ዞር ብላ እጇን አውለበለበች።

አያቷ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። አንዲት እናት ተገኝታለች፤ ልጇ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ረጋ ያለ፣ የራሱ ቤት ያለው። ዌንቺ የጦጣ ዓመት ናት መባሉን እናትየዋ በጣም ወዳዋለች። ነገ አሥር ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ሻይ ቤቱ ይመጣሉ። እሳቸው ቀድመው ወንበር ይይዛሉ። ዌንቺን ይዛ የምትመጣው ደግሞ ጂንሹ ናት።

«እኔ ከጠራኋት አትመጣም፤ ነቄ ናት» አሉ። «አንቺ ግን እንግሊዝኛ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ፣ ሻይ ልጋብዝሽ በያት። ዓመቷን ከጠየቁሽ ጦጣ ነው።»

«ፈረስ ናት እኮ አያቴ።»

«ፈረስ ስለሆነች አይደል አንድ ቦታ የማትረጋው።»

ጂንሹ አልሳቀችም። አያቷ ጃንጥላውን ማጠፍ ጀምረው ተዉት፤ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ዘጠኝ ዓመት በየአዲስ ዓመቱ ማዕድ ላይ ወንበሯን ባዶ አስቀምጬ ጠብቄያታለሁ። መጣች። አሁን እዚያው ተቀምጣ ሳያት፣ ወንበሩ ባዶ ይመስለኛል። ሹሹ፣ ይቺ ልጅ ደግማ ልትሄድ ነው። የሚይዛት ሰው ካለ ትቀራለች ብዬ ነው።»

አያቷ ጃንጥላውን አጥፈው ሲነሡ፣ ጂንሹ በርጩማውን አንሥታ ተከተለቻቸው።

ከእራት በፊት ግብዣውን ለአክስቷ ነገረቻት። ያዘጋጀችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ዌንቺ ኮምፒውተሯን ዘጋች።

«አንቺ? እኔን? ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«የምሬን ነው።»

«እንግዲያው ጥሩውን ሸሚዝ እለብሳለሁ።» ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ነጩን አወጣች፤ ኪሱ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ያለበትን። «ታውቂያለሽ፣ ከተመለስኩ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚያወራኝ። ፊት ለፊት የምትነግሪኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ጂንሹ እጄን ልታጠብ ብላ ወጣች፤ ውኃውን ከፍታ ብዙ ቆየች።

በማግስቱ አያቷ ገና በስምንት ሰዓት ወጡ። ጃንጥላው ከበሩ ጀርባ ነበር። ጂንሹ መቆንጠጫውን ፈትታ ወረቀቱን ከላስቲኩ አወጣች። ጀርባው ባዶ ነው። የቤት ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ጻፈችበት፤ የጥንቸሉን ጭንቅላት፣ የድልድዩን ብረት፣ ስኳር ድንቹን፣ ያረረውን ሩዝ። «በፈረስ ዓመት የተወለደች» ብላ ጨረሰችና አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ምን እንደምታደርግበት ገና አላወቀችም ነበር።

መንገድ ላይ ወንዙን ሲሻገሩ ዌንቺ እንደልማዷ ቆመች። ብረቱን በጣቷ አንኳኳች፣ ጆሮዋን አዘንብላ ሰማች።

«ምን አለሽ?» አለች ጂንሹ።

«ጤነኛ ነኝ አለኝ። ትንሽ ግን ደክሞኛል።»

መናፈሻው በር ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ይቀረው ነበር። ከበሩ ላይ ሆኖ ሻይ ቤቱ በዛፎቹ መሐል ይታያል። አያቷ ኩሬው ዳር ያለውን ጠረጴዛ ይዘው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ፀጉራቸውን ተቀብተው አበጥረዋል፤ ለአዲስ ዓመት ብቻ የሚለብሱትን ቀይ ሹራብ ለብሰዋል።

ጂንሹ የአክስቷን እጅ ይዛ ቆመች።

«ምነው?»

«ከመግባታችን በፊት የምነግርሽ አለ። ውጤቴ ገና አልመጣም። ሻዩንም የምጋብዝሽ እኔ አይደለሁም።» ወረቀቱን ሰጠቻት።

ዌንቺ ቆማ አነበበችው። መጀመሪያ ግንባሯ ተቋጠረ። ከዚያ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ጦጣ?»

«በግ እንዳትሆኚ ብለው ነው።»

ሳቅ ፈንቅሏት ወጣ፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። «ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሦስት ቅዳሜ። ጃንጥላውን የምይዘው እኔ ነኝ።»

ዌንቺ ወረቀቱን ለመመለስ ስታጥፈው የጀርባውን ጽሕፈት አየች፤ ገልብጣ ጀመረችው። ይኼኛውን ለማንበብ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ኪሷን ዳበሰች፤ መሐረብ እንዳልያዘች ትዝ ሲላት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ጂንሹ የቀራትን ተናገረች። እናትና ልጅ በአሥር ሰዓት እንደሚመጡ። አያቷ ይህን ያደረጉት ጎረቤት ምን ይላል ብለው እንዳልሆነ። «ትሄጃለሽ ብለው ፈርተው ነው። ወንበርሽ ባዶ ይመስለኛል አሉኝ። እንዳልነግርሽ ቃል አስገብተውኝ ነበር።»

«እና ለምን ነገርሽኝ?»

«ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ አልሽ።»

ከመንገዱ ማዶ አንድ አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተ። ዌንቺ አየችው። ቁጥሩን ማንበብ አያስፈልጋትም ነበር።

ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ከአያቷ ጎን ያለውን ወንበር ሊወስድ ጎንበስ ሲል፣ እሳቸው ቶሎ ብለው የገዛ ሲኒያቸውን ክዳን አንሥተው መቀመጫው ላይ አስቀመጡት። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ለእንግዶቹ የተያዙት ወንበሮች ከጠረጴዛው ማዶ ናቸው። ክዳን ያለበት ከእሳቸው ጎን ያለው ነው። ሻዩ እየቀዘቀዘባቸው ክዳኑን ቀና አደረጉት፤ ከዚያ እንደገና።

ዌንቺ ይህንንም አየች። ወረቀቱ እጇ ውስጥ ነው፤ የጂንሹ ጽሕፈት ወደ ላይ ሆኖ።

ጂንሹ የአክስቷን እጅ ለቀቀች። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አልጎተተቻትም። ሁለት እጆቿን ኪሷ ከታ በሩ ላይ ቆመች፤ ዌንቺ በየትኛውም በኩል ብትራመድ አብራት ልትሄድ።