ቅጠል ያልገባበት ብልቃጥ

ማመን አለማመን የናንተ ፈንታ ነው... እኔ ግን የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ያለሁት የምማርበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁት በአንድ ነገር ነው። ቅጠል ቀቅዬ አጣራና ውሃውን ቢጫ የወርቅ ጨው ውስጥ እጨምራለሁ። ወርቁ በዓይን ወደማይታዩ ቅንጣቶች ሲለወጥ ብልቃጡ ይቀላል።

አጠገቡ ቅጠል ያልገባበት ብልቃጥ ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል። እሱ ቢጫ እንደሆነ መቆየት አለበት። ከቀላ፣ ሥራውን የሠራው ቅጠሉ አይደለም ማለት ነው... ሁለት ዓመቴን ውሃ በላው።

ያን ቀን ቀላ።

"በደንብ አላጠብሽውም" አሉኝ የቤተ ሙከራው ኃላፊ። ዕድሜያቸውን እዚያ ስለፈጁ፣ ሳይሰሙን "ጋሼ ብልቃጥ" እንላቸዋለን።

አጠብኩት። ጓንቴን ቀየርኩ። ውሃውንም ቀየርኩ።

ቀላ...

የቀረኝ የወርቅ ጨው ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የተፈረመ ውጤት ካላመጣሁ ከትምህርቱ እሰናበታለሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የመጨረሻውን ጋሼ ራሳቸው አዘጋጁት። ጥርት ያለ ቢጫ። እንባዬን ጠርጌ ጠጋ አልኩ።

በእኔ በኩል ያለው ጎኑ ብቻ... ቀላ።

"እስቲ ወደኋላ በይ" አሉኝ በሹክሹክታ።

ወደኋላ አልኩ። ቢጫ ሆነ።

"ጋሼ... ምንድን ነው ይሄ?"

"እኔ እንጃ ልጄ። አንዴ የቀላ ተመልሶ ቢጫ ሲሆን አይቼ አላውቅም።"

የራሳቸውን እጅ አስጠጉ። ምንም የለም።

"ውጪልኝ" አሉ ዓይናቸውን ከብልቃጡ ሳይነቅሉ። "አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። ያየሁትን ብቻ ነው የምፈርመው።"

ወጣሁ። ከኮሪደሩ ሆኜ በበሩ መስታወት አያለሁ።

ግማሽ ሰዓት... ቢጫ።

አንድ ሰዓት... ቢጫ። የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ።

ጋሼ ብዕር አነሱ። ጀርባቸውን ለብልቃጡ ሰጥተው መዝገቡ ላይ አጎነበሱ።

ያኔ ብልቃጡ ላይ፣ በበሩ በኩል ባለው ጎኑ፣ አንድ ቀይ ነጥብ ብቅ አለ።

ሁለተኛ። ሦስተኛ...

አምስት ሆኑ። የጣት ጫፎች ናቸው። ከውስጥ በኩል የብልቃጡን መስታወት ተጭነውታል።

ማንኳኳት ነበረብኝ። ሰውየው ብቻቸውን ናቸው፣ ከኋላቸው ያለውን አያዩም። እጄን አነሳሁ... ፊርማቸው ትዝ አለኝ። መልሼ አወረድኩት። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚህ ነው።

ጋሼ ጽፈው ጨረሱ። "ለውጥ የለም።" ፈረሙ።

በሩ ፊት መቆም አልቻልኩም። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄድኩ።

አምስቱም ጣቶች ብልቃጡን ዞረው ተከተሉኝ...