አራት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች

«በቃ፣ እስክሪብቶ አስቀምጡ!» አሉ የሂሳብ መምህሩ።

ሊቋ ወረቀቷን ገፋ አደረገችው። ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም «ሊቋ» ናት። ዘንድሮ ግን የአክስቷ ልጅ ሚጡ መጣችና እነሱ ቤት መኖር፣ እሷ ዴስክ ላይ መቀመጥ ጀመረች። የሊቋ አባት እንኳ እራት ላይ «ሚጡዬ፣ እስቲ ይቺን ሞክሪያት» እያሉ እንቆቅልሽ የሚሰጡት ለእሷ ሆኗል። ትናንት ደግሞ አንዱ ከኋላ ወንበር «አሁን ሊቋ የትኛዋ ናት?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ሊቋም አብራ ሳቀች፤ ከልቧ ግን አልነበረም።

የዛሬው ጥያቄ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ማን እንደሚሳተፍ የሚለይ ነው። ቦታው አንድ ብቻ። ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን አለ። አንድ ክብ ውስጡ ገብቶ ሦስቱንም ጎኖች ይነካል፤ ሌላ ክብ ደግሞ ከውጭ ሆኖ በሦስቱም ጫፎች ያልፋል። የትልቁ ክብ የቦታ ስፋት የትንሹን ስንት እጥፍ ነው?

«አራት» ያሉት ሊቋና ሚጡ ብቻ ነበሩ።

መምህሩ ወደ ዴስካቸው መጡ። «ሚጡ፣ ስሌቱ የታለ? አንድ ሥዕልና አንድ ቁጥር ብቻ?»

ሚጡ ሰው ሲያፈጥባት ምላሷ ይተሳሰራል። «ሥዕሉ... ራሱ ነው፣ ቲቸር።»

«አጠገብሽ ማን እንደተቀመጠ አያለሁ እኮ። ሊቋ፣ ካንቺ ነው የቀዳችው?»

ሚጡ ከራሷ ወረቀት ዓይኗን እንዳላነሣች ሊቋ አሳምራ ታውቃለች። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ዝም ማለት ይበቃል። ዝም አለች።

መምህሩ የሚጡን ወረቀት ዴስኩ ላይ ጣል አደረጉት። ሊቋ ላለማየት ሞከረች፤ አልቻለችም። ሚጡ ትንሹ ክብ ጎኖቹን የሚነካባቸውን ሦስት ነጥቦች በመስመር አገናኝታለች። ነጥቦቹ የጎኖቹ መሃል ናቸው። ስለዚህ ትልቁ ሦስት ማዕዘን አራት እኩል ትንንሾች ሆኗል፤ የመሃለኛው ተገልብጦ ልክ ትንሹ ክብ ውስጥ ተቀምጧል። ትልቁ ክብ ትልቁን ሦስት ማዕዘን እንደሚከብ ሁሉ፣ ትንሹም ክብ ትንሹን ይከባል። ሦስት ማዕዘኑ አራት እጥፍ ከሆነ ክቡም አራት እጥፍ ነው። አለቀ!

ሊቋ እዚያ ለመድረስ ገጹን በስኩዌር ሩት ሞልታዋለች። ምነው እኔ ባሰብኩት! ቀናች፤ ግን ወረቀቱን አንሥታ ለመምህሩ ዘረጋችው።

«አልቀዳችም፣ ቲቸር» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «የኔ በፎርሙላ ነው። የሷ ሌላ ነው። ይኸው፣ መሃሉን ይዩት...»

በጣቷ እያሳየች አንድ በአንድ አስረዳች። መምህሩ አጎንብሰው መስመሮቹን በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ «ወይ ጉድ!» ብለው ሳቁና ሰሌዳው ላይ ለውድድሩ የሚጡን ስም ጻፉ።

«ልጅቷ ቀውጢ ናት!» አለ ያ የኋላ ወንበር ልጅ።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሚጡ ሮጣ ደረሰችባት። «አመሰ...»

«እንዳታመሰግኚኝ። አሁንም ተናድጃለሁ።»

«በኔ?»

«እኔ እንጃ። ተይኝ ዝም ብለሽ።»

ሊቋ እርምጃዋን አፍጥና ጥላት ሄደች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ዞር አለች። ሚጡ በሰው መሃል ብቻዋን፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ቀስ እያለች ትመጣለች።

ሊቋ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀቻት።