እየወረደ የሚሄድ ቁጥር

«ሜሉ፣ ካቻቢቴውን ስጠኝ እስቲ» አለ ኤልሳዕ፣ ዓይኑን ከሞተር ብስክሌቱ ሳያነሳ።

«ስጪኝ» ማለት ሲገባው ነው፤ ከቤሌ የመጣ፣ አፉን በወላይትኛ የፈታ ልጅ ነውና ሲቸኩል አማርኛው እንዲህ ይምታታበታል። ሜላት ሰጠችው። በልቧ ግን ካቻቢቴውን ጎረቤት ጓሮ ብትወረውረው በወደደች።

ሞተሩ የአባቷ የአቶ ኤርካሎ ነው፤ ዕድሜው የሜላትን ዐሥራ አምስት ዓመት ያስከነዳል። አባቷ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው። በክረምት ሁምቦ ወርደው ከብት ሲያክሙ ውለው፣ ሊመለሱ ሲሉ ባትሪው ሞተባቸውና ሞተሩን በጋሪ አስጭነው ቤታቸው ገቡ። በእግር እየተረገጠ የሚነሳበት ብረት ከተሰበረ ስለቆየ፣ ባትሪ ከሌለ መንገድም የለም። ያን ጊዜ «አባዬ፣ የባትሪውን ቮልት በቁጥር የሚያሳይ ነገር አለ እኮ፤ ባጃጅ ላይ አይቻለሁ» ያለችው ማን ነች? ሜላት። ሶዶ ገበያ ሱቁ ድረስ ወስዳ ያሳየችውስ? ሜላት። ከትንሽነቷ ጀምሮ አባቷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ካንዴላ ስትጠርግ ያደገችውም እሷው ነች።

መለኪያው ተገዝቶ ሲመጣ ግን አባቷ ለኤልሳዕ ሰጡት። ኤልሳዕ የአክስቷ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ሶዶ ሊቀጥል ዘንድሮ ነው እነሱ ዘንድ የገባው።

«ወንድ ልጅ ነው፣ እጁን ያፍታታ» አሉ አባቷ።

«እንግዳም ነው፤ ሆድ እንዳይብሰው» አሉ እናቷ ወይዘሮ አባይነሽ።

ሆድ የባሰው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሜላት ቀንታ ነበር።

ኤልሳዕ የመለኪያውን ቀይ ሽቦ አፉን ልጦ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አሰረው፤ በናስትሮም ጠቀለለው። ሜላት አየችው። አባቷ ሱቁ በር ላይ ስልክ ሲያወሩ ሻጩ ለእሷ ብቻ የነገራት ነገር ትዝ አላት፤ «ከቁልፉ በሚመጣው ሽቦ ላይ ነው የሚቀጠለው። በቀጥታ ባትሪው ላይ ካሰራችሁት ሞተሩ ቆሞም ባትሪውን ሲበላው ያድራል።» ልትናገር አፏን ከፈተች።

በዚያው ቅጽበት መለኪያው ቀይ ቁጥር ለበሰ፤ 12.6።

«ቁልፉ ሳይገባ ያነባል!» ብለው አባቷ በእጃቸው አጨበጨቡ። «ጎበዝ! አየሽ አይደል አባይነሽ፣ ይኼ ልጅ ቀላል አይደለም!»

«አራዳ ነህ በቃ!» አለ ትንሹ ወንድሟ ባርኮት፣ ኤልሳዕን እጁን እየመታ።

«አዲሱ ዓመት ይግባና፣ የጊፋታ ማግስት ይዤህ ቤሌ እሄዳለሁ» አሉ አባቷ፤ «እናትህ የእጅህን ሥራ ትየው።»

ሜላትን ሞተሩ ላይ ከኋላቸው አስቀምጠው ቤሌ ወስደዋት አያውቁም። የከፈተችውን አፍ ዘጋች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እሷም ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ደብተሯን ይዛ ከመውጣቷ በፊት፣ የሞተሩን ሸራ ገለጥ አድርጋ ታያለች። 12.4። በሌላ ቀን 12.1። ደግሞ 11.8። አባቷ ሰሞኑን የጊፋታ በሬ ከማኅበርተኞቻቸው ጋር ለመግዛት ላይ ታች ሲሉ ሞተሩን አልነኩትም። ኤልሳዕም በአፈር እንዳይቆሽሽ ሸራውን ራሱ አልብሶት ነበርና አላየም። ቁጥሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። በወረደ ቁጥር ደስ ይላታል፤ ደስ ሲላት ደግሞ ራሷን ትጠላለች፤ በማግስቱ ግን ተመልሳ ታያለች።

የጊፋታ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ኤልሳዕ ሞተሩን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውል ቆየ። ከዚያ ቁልፉን አዙሮ ማስነሻውን ተጫነ። ቀጭ አለ፤ ሌላ ድምፅ የለም። ደጋግሞ ተጫነ። የመለኪያውም ቁጥር ጭራሽ ጠፋ።

በረንዳ ላይ ሰሃን ታጥብ ወደነበረችው ወደ ሜላት ዞረ።

«ሜሉ፣ አቃጠልኩት መሰለኝ» አለ በሹክሹክታ። «አጎቴ ወደ ቤሌ ይመልሰኛል። እዚያ ከተመለስኩ ደግሞ እርሻ ነው እንጂ ትምህርት የለም።»

ሰሞኑን በሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ይኼንኑ ነው። ይመለስልኝ፣ ቤቱም ሞተሩም አባቴም የኔ ይሁኑልኝ ብላ ተመኝታለች። ምኞቷ ደረሰ፤ ግን አልጣማትም።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለችና ሰሃኗን ይዛ ገባች።

በእነሜላት ቤት ጊፋታ ሲገባ አንድ ልማድ አለ። ቂምም ሆነ ጥፋት ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ አይሻገርም። ማታ ራት ቀርቦ፣ አባወራው ከታናሽ ጀምሮ ይጠይቃል፤ በልቡ የያዘ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ጸሎት ይደረጋል፤ ከጸሎቱ በኋላ ያለፈ ነገር ማንሳት ነውር ነው።

«የሜላትን እስክሪብቶ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ ባርኮት፤ ሁሉም ሳቁ።

«አንቺስ ሜላት?»

«የለኝም» አለች ቶሎ ብላ።

ተራው የኤልሳዕ ሆነ። ዓይኑን ከገበታው ላይ አላነሳም።

«አጎቴ፣ ሞተሩ አልነሳ አለኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሽቦውን ስቀጥል እርግጠኛ አልነበርኩም። ሜላት ከኔ በላይ ታውቃለች፤ እሷን መጠየቅ ነበረብኝ። ሴት ልጅ መጠየቅ ግን አፈርኩ።»

ሜላት ፊቷ ሲግል ተሰማት። ይህን ቃል ሁሉም ባሉበት ለመስማት ስንት ቀን ተመኝታለች! አሁን ሲመጣ ግን የሚሸሸጉበት ጥግ አሳጣት።

አባቷ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ስለ ትምህርትህ ነገ እንነጋገራለን» አሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ግን ቀዝቅዟል። «እናትህ ትመጣላችሁ ብላ ደጅ ደጁን ስታይ ልትውል ነው። በሉ እንጸልይ።»

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ኤልሳዕ ዓይኑን ሲጨፍን ሽፋሽፍቱ ረጥቦ ነበር። ጸሎቱ ከተጀመረ አለቀ፤ ማንም አይጠይቃትም፤ ማንም አያውቅም።

አባቷ እጃቸውን ዘረጉ።

«አባዬ፣ ቆይ» አለች ሜላት።

ሁሉም ዓይናቸውን ገለጡ። እናቷ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ተራሽ አልፏል እኮ» አለ ባርኮት።

«አውቃለሁ። ሽቦው የት መግባት እንዳለበት ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር» አለች፣ አባቷን ሳይሆን ኤልሳዕን እያየች።