ዛፍ የሌለው ጥላ

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ። ሌሊት አልነበረም፣ ጨለማም አልነበረም። ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማ ነበር። ቦታው ደግሞ ባሕር መሃል ያለ ነጭ አሸዋ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ። እኔ አልከራከርም።

ሥራዬ ለመንገደኞች ምክር መጻፍ ነው። አንድ የጉዞ ቢሮ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ሞቃታማ ደሴት ለማየት የሚሄድ ሰው ትኬቱን ሲቀበል አብራ የምትሰጠው ወረቀት አለች... እሷን የምጽፋት እኔ ነኝ።

ስስ የጥጥ ልብስ ያዙ። ውሃ ከታሸገ ጠርሙስ ብቻ ጠጡ። የትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ። ጀልባ ላይ እንዳያስመልሳችሁ ቀለል ያለ ነገር በልታችሁ ውጡ። ከመነሳታችሁ በፊት የዝናቡ ወር መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ደሴት ረግጬ ሳላውቅ ነው።

እናታችን በሞተች በአራተኛው ወር ታላቅ እህቴ ቢሮዬ ድረስ መጣች። እታለም ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ናት። ቀልደኛ ናት፤ ደንበኞቿ ቀሚስ ሊለኩ መጥተው ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ነው የሚወጡት።

«ሚጡ፣ አላለቀስሽም» አለችኝ። «ካላለቀስሽ ደግሞ ሳቂ። እሱንም እምቢ አልሽ። ተነሺ፣ እንሂድ።»

«የት?»

«ሰዉን ሁሉ የምትልኪበት።»

እውነቷን ነው። እናቴ ስትቀበር ሳስብ የነበረው ጫማዬ እንደጠበበኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ውስጤ ጭር ብሏል። አይከፋኝም። ደስም አይለኝም።

ሄድን።

ያረፍነው አራት ክፍል ባላት፣ ጣራዋ ቆርቆሮ በሆነ ማረፊያ ቤት ነው። ባለቤቷ አጠር ያሉ፣ ቀልጠፍ ያሉ አሮጊት ናቸው። እማማ አልናቸው። እታለም ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ እማማ ወንበር ሳቡልኝና ምክራቸውን ጀመሩ። እኔም ከልማዴ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

«ጫማችሁን ጠዋት ጠዋት ሳታራግፉ አታድርጉ። ጊንጥ ይገባበታል።»

«እሺ።»

«ባሕሩ ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ። ድንጋዩ እንደ ምላጭ ነው።»

«እሺ።»

«በቀን ባሕሩ የሚሸሽበት ሰዓት አለ። ሰሞኑን እኩለ ቀን ላይ ነው። ያኔ እስከ ወዲያኛው አሸዋ በእግር ይኬዳል። ደስ ይላል። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ግን ተመለሱ።»

«እሺ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ...

«እዚያ አሸዋ ላይ ዛፍ የለም።»

«እሺ።»

«ጥላ ካያችሁ... እንዳትቀመጡበት።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። «የምን ጥላ?»

«ነገርኩሽ እኮ ልጄ። ለእህትሽም ንገሪያት።»

አልነገርኳትም።

ረስቼው አይደለም። ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። ብቻ... አፌን ከፍቼ መናገር ከበደኝ። ያን ሰሞን ሁሉም ነገር ይከብደኝ ነበር።

በማግስቱ ባሕሩ ሸሸ። ትናንት ጀልባ ሲሄድበት በዋለው ቦታ ላይ ጫማችንን አድርገን እየተራመድን ነው። እታለም ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ከፊት ከፊት ትሄዳለች።

«ወይ ጉድ! ይሄን አሸዋ ጨርቅ ቢያደርጉልኝ ስንት ሙሽራ አለብስበት ነበር!»

ሳቅሁ ለማለት ያህል አፍንጫዬን ነፋ አደረግሁ።

ወዲያኛው አሸዋ ላይ ስንደርስ ንፋሱ ቆመ። ወፎቹም የሉም። ባሕሩ ከፊታችን ይንቀሳቀሳል... ድምፅ ግን የለውም። አፍ ኖሮት ቃል እንደሌለው ሰው።

እታለም መንገድ ላይ ኮፍያዋን ንፋስ ወስዶባታል። ግንባሯን በመዳፏ ያዘች።

«አናቴ ሊፈነዳ ነው። ቅንጣት ጥላ ባገኝ...»

ያኔ አየሁት።

ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ። ክብ ነው። የትልቅ ዛፍ ጥላ። የቅጠሎቹ ቅርፅ አሸዋው ላይ ቀስ እያለ ይወዛወዛል።

ንፋስ የለም።

ቀና አልኩ። ሰማይ ብቻ።

እታለም ቀና አላለችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ተቀመጠችበት።

«እፎይ... እንዴት ይቀዘቅዛል መሰለሽ!»

«እታለም፣ ተነሺ።»

«አንቺም ነይ።»

«ተነሺ አልኩሽ።»

«ነይ እንጂ...»

ይህን ብላ ጠጋ አለች። ለእኔ ቦታ ልትለቅ ብትሆን ከእኔ ትርቅ ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ ነው የተጠጋችው። ቦታ የለቀቀችው በወዲያ በኩል ነው... ማንም በሌለበት።

«ለሦስት ይበቃል» አለች በሹክሹክታ።

ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ሰዓት ከሃያ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ።

ሮጬ እጇን ይዤ መጎተት ነበረብኝ። አላደረግሁትም። ቆሜ አየኋት። ልቤ እንኳ ከመደበኛው በላይ አልመታም።

ከጎኗ ያለው አሸዋ ቀስ ብሎ ሰረጎደ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሰረጉድ።

እሱንም ቆሜ አየሁ።

የነቃሁት ቁርጭምጭሚቴን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካኝ ነው። ባሕሩ ተመልሷል። ሰዓቱ ሰባት ከሃምሳ ይላል።

ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሜያለሁ።

ያኔ ገባሁና እጇን ያዝኩ። ያለ ክርክር ተነሳች። ታላቅ እህቴን ሳይሆን መስቀያ ላይ ያለ ቀሚስ ያነሳሁ መሰለኝ። ውሃው ጉልበታችን ላይ፣ ከዚያ ወገባችን ላይ፣ በመጨረሻም ደረታችን ላይ ደረሰ። እየጎተትኳት ተሻገርን። አንዴም አልጮኸችም። አንዴም «ሚጡ» አላለችኝም።

እማማ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። እታለምን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ቶሎ ቶሎ አትተነፍስም። ፀሐይዋን ፊት ለፊት ታያለች፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

እማማ ክንዴን ያዙኝ።

«ተቀምጣለች?»

«አዎ።»

«ምን ያህል?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«አልነገርሻትም?»

«አልነገርኳትም።»

እሳቸው ክንዴን ለቀቁ። ገብተው ፎጣ አመጡና ለእኔ ሰጡኝ። የእታለምን ወንበሩ ላይ አስቀመጡላት። ከዚያ... ሌላ ሦስተኛ ፎጣ አጠገቡ አስቀመጡ።

«ነገ በመጀመሪያው ጀልባ ሂዱ» አሉኝ። ፊቴን አላዩኝም።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር አለፈው።

እታለም ደህና ናት። ሐኪም አይቷታል፤ ደሟም ልቧም ጤነኛ ነው ብሏል። ትበላለች። ትተኛለች። ሱቋን ከፍታ ትሠራለች። ብቻ መቀለድ ትታለች። ደንበኞቿ «ምን ነካት?» ብለው እኔን ይጠይቁኛል። «ሐዘን ነው» እላቸዋለሁ። ለእኔ ሲሉት የነበረውን እኔ ለእሷ እላለሁ።

ቢሮ ስመለስ የምክር ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ጨምሬ ነበር። አለቃዬ ሰረዘው። «ደንበኛ ልታባርሪብን ነው እንዴ?» አለኝ። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ዛፍ የሌለው ጥላ ካያችሁ አትቀመጡበት። አብሯችሁ ላለው ሰውም ንገሩት። ቢከብዳችሁም ንገሩት።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ መልስ ሱቋ ጎራ አልኩ። ብቻዋን ነበረች። ረዳት ኖሯት አያውቅም።

«ቁሚ፣ ልለካሽ» አለችኝ።

«ምን ልትሰፊልኝ?»

ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አወረደችና ከኋላዬ ቆመች። ጣቶቿ በልብሴ አልፈው ይቀዘቅዛሉ።

«ትከሻ፣ ሠላሳ ስምንት» አለች ጮክ ብላ።

ከልብስ መሞከሪያው መጋረጃ ጀርባ አንድ ድምፅ...

«ሠላሳ ስምንት።»

ቀስ ብሎ ነው ያለው። እየጻፈ እንደሚናገር ሰው።

«እታለም... ማነው?»

«ወገብ፣ ሰባ አራት።»

«ሰባ አራት።»

እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማሁ። መጋረጃው እስከ ወለሉ አይደርስም። ከስሩ አየሁ። ጫማ የለም፣ እግር የለም፣ ባዶ ወለል ነው።

በሩ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። ክፍት ነው። መንገድ ላይ ሰዎች ያልፋሉ።

አልፈራሁም።

«እጅሽን አንሺ» አለችኝ እታለም።

አነሳሁ።